ባዶ እግሩን የሚሮጥ ፊደል

አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ሥራውን አሁን ማሽን ስለወሰደው ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ሰው ሱቅ ሲከፍት ወይም መኪና ሲገዛ ወደ አባቴ ይመጣል። አባቴ ቆርቆሮውን ነጭ ቀብቶ ያደርቅና በሲባጎና በጠመኔ መስመር ይመታል፤ ከዚያ ብሩሹን ቀለም ነክሮ ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሹን የሚለቀው ፊደሏ ስታልቅ ነው። እኔም ከጎኑ ዱካ ላይ ተቀምጬ አብሬው እይዛለሁ። ባለ ሦስት እግሯ "ሐ" ስትመጣ ዓይኔ ብዥ እስኪልብኝ እታገላለሁ፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ሦስተኛውን እግር ያወርድና "እፎይ" ይላል። እኔም "እፎይ" እላለሁ፣ ምንም ሳልሠራ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች። የመንገድ ዳሯ የአባቴ መሥሪያ፣ የጓሮዋ የሦስታችን መኖሪያ። ቀለም የሚያቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ትራሳችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ስለነበር፣ ገና የትምህርት ቤቱን በር ስረግጥ ልጆቹ "ቀለም መጣች!" ይላሉ። አይከፋኝም። የሰፈሩ ሰው አባቴን "እጀ ወርቅ" ነው የሚለው፤ የእጀ ወርቅ ልጅ ቀለም ቀለም ብትሸት ምን ይገርማል?

እጀ ወርቅ ያሰኘው "ጫማ ያደረገ" የሚለው ፊደል ነበር። ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሲወርድ ወፈር፣ ሲታጠፍ ቀጠን የሚል፣ እግሩ መሬት ሲደርስ ትንሽ ተረከዝ የሚያበጅ ፊደል። የሐኪሙን በር፣ የጠበቃውን በር፣ የልብስ ሰፊዋን መስኮት የጻፈው በዚህ ነው። "እነዚህ በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉ ናቸው" ይለኛል፤ "በባዶ እግር እንግዳ ይቀበላሉ?"

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ግን ፊደሎቹ ጫማቸውን አወለቁ።

መጀመሪያ ያወለቁት ጎሚስታው ታፔላ ላይ ነው። ጎሚስታው ከቤታችን ሦስት በር አልፎ ጎማ የሚነፋና የሚለጥፍ፣ ሆዱ ከቱታው የሚያመልጥ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበር። አባቴ የጻፈለት ፊደል ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። ከራስ እስከ እግር አንድ ዓይነት ውፍረት፤ ቅጥነት የለ፣ ተረከዝ የለ፣ እግሩ በመጋዝ እንደተቆረጠ ግንድ ድፍን ብሎ ያልቃል። ደግሞ ሁሉም ወደ ፊት አዘንብለዋል፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው።

ጎሚስታው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ አየው።

"አንተ እጀ ወርቅ፣ እነዚህ ወዴት ነው የሚሮጡት? ጎማ ሳያስነፉ?"

"ደንበኛ ሊጠሩልህ ነዋ!"

"ጫማቸውስ?"

"ባዶ እግሩን የሆነ ይፈጥናል።"

ጎሚስታው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። አባቴን ሳብ አድርጎ አቀፈውና ጀርባውን መታ መታ አደረገው። እኔ ታፔላው አስደስቶት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሌላ ፊደል አልጻፈም። የጭነት መኪና ጎን ላይ፣ የመኪና ማስተማሪያው አጥር ላይ፣ የሰፈሩ ኳስ ቡድን ሰንደቅ ላይ፣ ሱቆች መስኮት ላይ "ታላቅ ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ" ሲባል፣ ያ ወፍራም ፊደል አንገቱን አስግጎ ይሮጣል። አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ጥቁር ጥላ ይደረግለታል፤ ያኔማ ከቆርቆሮው ዘሎ ሊወጣ ይደርሳል። ልብስ ሰፊዋ የመስኮቷን ጽሑፍ ልታሳድስ ስትመጣ እንኳ ይህንኑ አቀረበላት። ሴትዮዋ ናሙናውን አየችና "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ልብስ ነው የምሰፋው፣ እሽቅድምድም አልገባሁም" ብላ ሄደች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኛት። እኔ ምቀኛ ናት ብዬ ፈረድኩ።

ምክንያቱም ያንን ፊደል እንደ ሰው ወድጄው ነበር። አባቴ የጻፈባቸው መኪኖች ከሌሎቹ የሚፈጥኑ ይመስለኛል። ደብተሬን ሁሉ በእርሳስ እያወፈርኩና እያዘመምኩ ስሞላው አስተማሪዬ "አንቺ፣ የቤት ሥራሽ ወዴት እየሸሸ ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ኮራሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ለእኔም የነገረችኝ እማዬ ናት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ጫማ ያደረገ ፊደል የተረጋጋ እጅ ይፈልጋል፤ ቀጥ ያለ እግር ጥቂት ከተወዛወዘ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ቀጭኗ ጫፍ ላይ ብሩሽ ከተንቀጠቀጠ ማንም ያየዋል። ያዘመመ ነገር ላይ ግን ቱንቢ የሚጥል የለም። ወፍራም መስመር ደግሞ ጠርዙ ቢበላሽ በሰፊ ብሩሽ ይደገምበትና ይሸፈናል። እጁን ከትከሻው አንሥቶ ባንዴ ጠራርጎ ሲያወርደው መንቀጥቀጡ ለመታየት ጊዜ አያገኝም። እኔ ሩጫ ነው ያልኩት መደበቂያው ነበር።

ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ዓይኔ ፊት ነበር። እማዬ የአባቴን ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ መቅዳት ጀመረች፤ ሰስታ መሰለኝና ሳታየኝ እሞላለታለሁ። እሱ ደግሞ "ይቀዝቅዝልኝ" እያለ ሳይነካው ይተወዋል። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እሷ ትቆልፍለታለች፤ ፍቅራቸው ያገረሸ መሰለኝና አፍሬ ፊቴን አዞራለሁ። መንገድ ላይ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ሰላምታ በግራው ሆነ። "አባዬ ዘናጭ ሆኗል" ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ እሱ የታጠበውን እያቀበላት፣ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ ከመስኮቱ ሥር አሻንጉሊቴን አቅፌያለሁ።

"ለልጅቷ ንገራት" አለች እማዬ።

"አልነግራትም።"

"እስከ መቼ? ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል እኮ።"

"ሐኪሙ! በሩ ላይ 'ሐኪም' የሚለውን እንኳ እኔ ነኝ የጻፍኩለት። ባለ ሦስት እግሯን። ዛሬ ደግሞ እጅህ አይሆንም ይለኛል።"

"ቀልዱን ተወው በሞቴ።"

"እሺ ልተወው። ግን እሷ ስታየኝ አይተሻታል? ትንፋሿን ይዛ? ያን ዓይኗን አትንኪብኝ። ሌላው ሁሉ ይወሰድ።"

እማዬ የያዘችውን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ጣለች። ከገመዱ ላይ የውሃ ጠብታ ብቻ ይሰማል።

እኔ የገባኝ ሐኪሙ የአባቴን ጽሑፍ ማጣጣሉ ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሐኪሙ በር ፊት ቆሜ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ምላሴን እስከ ሥሩ አወጣሁበት።

ነገሩ የተበላሸው በዚያችው ምላሴ ነው፤ በሁለተኛው ጥፋቷ።

ትምህርት ቤታችን ግቢ ጫፍ ላይ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ፣ ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ዳይሬክተራችን ድምፃቸው ዝግ ያለ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ክፍላችን ገብተው "ልጆች፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሚጽፍ ባለሙያ የምታውቁ አላችሁ?" አሉ። ቀድማ የተነሣችው ሬዲዮ ናት። ትክክለኛ ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ስለማታቋርጥ ነው ሬዲዮ ያልናት።

"የቀለም አባት እንዳይሆን እንጂ!" አለች። "የሱ ፊደል ሰክሮ የሚወድቅ ነው የሚመስለው። አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚችለው፤ አጎቴ ነው ያለው።"

ክፍሉ ፈነዳ። እሳት ለበስኩ።

"አባቴ ሁሉንም ይችላል! ጫማ ያደረገውንም ይችላል!"

"የቱን ጫማ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ቀጥ ያለውን። የሐኪሙ በር ላይ ያለውን። እዚሁ መጥቶ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ይጽፈዋል!"

ዳይሬክተሯ የሐኪሙን በር ያውቁታል። ደስ አላቸው፤ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ወደ ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው።

አባቴ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"በእኔ እጅ ጎርሪ ያለሽ ማነው?" አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

"ፊደሎቹ ሰካራም ይመስላሉ አለችኝ" አልኩና ለቅሶዬ መጣ። "አንድ ብቻ ነው የሚችለው አለች። እኔ ሁሉንም ይችላል አልኩ። ለሁሉም ተናግሬያለሁ እኮ አባዬ!"

እማዬ ከጓዳ ወጣች። "አይቻልም በላቸው። ሥራ በዝቶብኛል በል።"

"ይችላል!" ብዬ ጮህኩባት። የራሷን ባል ለማዋረድ ምን እንዳስቸኮላት አልገባኝም።

አባቴ እንባዬን በእጁ ጀርባ ጠረገልኝ። ጉንጬ ላይ እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበ፤ ሊያስቀኝ መስሎኝ ሳቅ አልኩ።

"እጽፋለሁ" አለ።

ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ካበቃ በኋላ ዳይሬክተሯ እንድናይ ፈቀዱልን። አባቴ ኮት ለብሶ መጣ። ቀደም ብሎ በሲባጎና በቱንቢ መስመሮቹን መትቶ ስለነበር ነጩ ግድግዳ ላይ የጠመኔ ክር ይታያል። እኔ ከሁሉም ፊት ነኝ። ሬዲዮ አጠገቤ ናት፤ ሆን ብዬ ነው ያቆምኳት።

መሰላሉን ወጣ። ብሩሹን አነሣ። ትንፋሼን ያዝኩ።

የመጀመሪያዋ ፊደል "ቤ" ናት። ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች፣ ቀኙ ላይ ትንሽ ቀለበት። ለእጀ ወርቅ ምን አላት?

ብሩሹ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማን፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል። መሰላሉ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እየተንቀጠቀጠ ግድግዳውን ይመታል። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። የመጀመሪያው እግር ከጠመኔው መስመር እየወጣና እየገባ፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንደሚወርደው ስንጥቅ ወረደ። አባቴ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ጨምድዶ ያዘ። ሁለተኛው እግር የባሰ ሆነ። ቀለበቷ ጋ ሲደርስ ጥቁሩ ቀለም ጠብ ጠብ እያለ በነጩ ላይ እስከ በሩ ድረስ ወረደ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ዳይሬክተሯ አጨበጨቡ፤ "ልጆች፣ ወደ ክፍል! አሁኑኑ!" አባቴ ዞር አላለም። መሰላሉ ላይ ፊቱን ግድግዳው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ያልሳቀች ሬዲዮ ብቻ ነበረች። ክንዴን ነካ አድርጋ፣ በማላውቀው በትንሽ ድምፅ፣ "አባትሽ ታሟል እንዴ?" አለችኝ።

ገፋኋት። "አልታመመም! ሆን ብሎ ነው!"

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ነበር፤ ወጥቶ ሲያልቅ ግን አመንኩት። "ጎርሪ ያለሽ ማነው?" አላለኝም? ስለጎረርኩበት በሁሉም ፊት ሊቀጣኝ ነው። እንጂ አባቴ "ቤ" ሊያቅተው? ወደ እሱ መሄድ ነበረብኝ። መሰላሉ ሥር ማንም አልነበረም። ከሌሎቹ ጋር ተሰልፌ ክፍል ገባሁ።

ቤት ስገባ ቦርሳዬን መሥሪያው መሐል ወረወርኩት። አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ዱካዬ ላይ ተቀምጧል፤ እማዬ አጠገቡ ተንበርክካ ጣቶቹ መካከል የደረቀውን ቀለም በጨርቅ ትጠርጋለች።

"ሆን ብለህ ነው!" አልኩት። "ልታዋርደኝ ሆን ብለህ ነው!"

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። የተነቃበት ሰው ድንጋጤ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው እፎይታ ነበር። ሳላውቀው በር ከፍቼለት ነበር፣ የሚያመልጥበት።

"አዎ" አለ። "ሆን ብዬ ነው።"

"አንተ!" አለች እማዬ።

"ተይኝ። ጉረኛ ልጅ አልወድም። ትማርበት።"

እማዬ ጨርቁን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ስለ እኔ አዝና መሰለኝ።

ኩርፊያዬን ብታዩት! ምግብ ስበላ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። "እንደምን ዋልሽ" ሲለኝ ለግድግዳው እመልሳለሁ። ትምህርት ቤት ያን "ቤ" ነጭ ቢቀቡትም በአንድ እጅ ቀለም አልጠፋም፤ በየቀኑ በሥሩ ሳልፍ ኩርፊያዬ ይታደሳል። መሥሪያው ተዘጋ፤ "ትንሽ ሊያርፍ ነው" ተባልኩ። ብዙ ሳይቆይ እማዬ "አክስትሽ ብቻዋን ናት፣ እሷ ጋ ሆነሽ ብትማሪ" አለችኝ። አባረረኝ ብዬ ደመደምኩ። እጁ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው እንዳላይ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ጎሚስታው አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶኝ "ለአባትሽ አንድ መልካም ቃል ተይለት፣ የኔ ልጅ" አለኝ። "ንገረው፣ ምንም የለኝም በለው" አልኩት።

አክስቴ ዘንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። ደብዳቤ የምጽፈው ለእማዬ ነው። መጨረሻ ላይ ሰላም በይልኝ የምላቸውን እዘረዝራለሁ፤ ጎሚስታውን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር። እሱን አልጠራውም። እማዬ ደብዳቤዎቹን ጮክ ብላ ታነብለት ነበር። ከውሻው ቀጥላ "ለአባቴም" እያለች የምትጨምረው ከራሷ ነው። ይህንንም የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፣ አርግዤ ሆዴን ይዤ የተቀመጥኩ ጊዜ።

አንድ ቀን "አባትሽን ሳንባውን ብርድ መቶታል፣ ነይ" የሚል መልእክት መጣ። እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። አባቴ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ተኝቷል፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቧል፤ ትራሱ ላይ ያለው ፊት ትንሽ ሆኗል። ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ነገር ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት እማዬን።

አባቴ ቀደማት። "በርዶኝ ነው" አለ። ቃሉ ተጎታች ሆኗል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ያሰብኩበት ነገር ነበር። አሥር ዓመት አልፎኛል፤ አክስቴ ትልቅ ሰው ቂም አይዝም ብላ መክራኛለች።

"አባዬ።"

"እመት።"

"ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ያደረግከውን... ሆን ብለህ ያደረግከውን..."

ብርድ ልብሱ ሥር ያለው ነገር እንቅስቃሴው ባሰበት። ዓይኑ ግን ከዓይኔ አልተነሣም። ያን ጊዜ እማዬ ከበሩ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች፤ አፏን ከፍታለች። አባቴ ራሱን በትንሹ ነቀነቀባት። አፏን ዘጋች።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።

እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ ሊጠርገው እጁን አላወጣም።

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አለ። "ከብዶኝ ነበር።"

"ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አልኩት፣ ጣቴን ቀስሬ፣ እሱ ድሮ እኔን እንደሚለኝ።

"አይለምደኝም።"

ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። በእነዚያ አራት ቀናት ስለዚያ ነገር አላወራንም፤ አልቋል ብዬ ነዋ! ይቅር ብዬው የለ? ይቅር ያልኩት ቀን ግንባሩን ሳምኩትና ቀሚሴን አራግፌ ተነሣሁ። እማዬ በሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች። ከጎኗ ሾልኬ፣ ቀለል ብሎኝ፣ ልጫወት ወጣሁ።